የቤት ቡና መፍጫ ሲገዛ ርካሽ ዋጋና የዕቃ ዘላቂነት

በኢትዮጵያ ቤት የቡና ነገር ከዕለት እንጀራ ቀጥሎ የሚታሰብ መሆኑ የታወቀ ነው። አገሪቱ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ ወደ ውጭ ሳይወጣ በገዛ ሕዝቧ የሚጠጣ ስለ ሆነ፣ ቡናውን ለመቁላት፣ ለመፍጨትና ለማፍላት የሚያገለግለው ዕቃም ሁልጊዜ ፈላጊ ያለው ሸቀጥ ነው። ቀድሞ የመፍጨቱ ሥራ በሙቀጫና በዘነዘና ብቻ የሚፈጸም ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤት እንዲሁ ይፈጸማል። በከተሞች ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራው የቡና መፍጫ ከቤት ዕቃ መደብሮች ቋሚ ሸቀጦች አንዱ ለመሆን በቅቶአል።

ገዢው በሱቁ ፊት ቆሞ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ነው። መፍጫው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው እንዳለና መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እነዚህ ጥያቄዎች የሚነሡት ብዙውን ጊዜ መፍጫው በእንግዳ ፊት ድምፁ ከጠፋና የተቆላው ቡና ሳይፈጭ ከቀረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜም የቤቲቱ እመቤት የምታማርረው ስሙን እንኳ የማታውቀውን የሩቅ አገር ፋብሪካ ሳይሆን ዕቃውን የሸጠላትን ባለሱቅ ነው። ስለዚህ በርካሽ ዋጋና በዘላቂነት መካከል ያለው ምርጫ የገዢው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአስመጪውና የባለሱቁ መልካም ስም ጉዳይ ጭምር ነው።

ከሙቀጫው የሚገኘው ትምህርት

ከጠንካራ እንጨት የተፈለፈለ ሙቀጫ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ዕድሜ የተገኘበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ የሙቀጫው ክፍሎች ሁለት ብቻ ስለ ሆኑ የሚበላሽ ነገር አይበዛበትም። ሁለተኛ፣ በሥራ ብዛት የሚያልቀው ክፍል ወፍራም ሆኖ ስለ ተሠራ ቢያልቅም የሚያልቀው ቀስ በቀስ ነው። ሦስተኛ፣ ዘነዘናው ቢሰበር ዘነዘናው ብቻ ይተካል እንጂ ሙቀጫው አይጣልም።

በአውሮፓም ቢሆን የእጅ መፍጫዎች ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። የፈረንሳዩ የፔዦ ቤት እ.ኤ.አ. በ1840 የቡና መፍጫ መሥራት የጀመረ ሲሆን፣ በጀርመን ደግሞ የዛሰንሐውስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1867 ተቋቁሞአል። የሁለቱም የጥንት መፍጫዎች በአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ እየተሸጡ ዛሬም ቡና ሲፈጩ ይገኛሉ። ምስጢሩ ጥርሶቻቸው ከጠንካራ ብረት መሠራታቸውና አካላቸው ተፈትቶ እንደ ገና የሚገጠም መሆኑ ነው። ጥቂት ክፍል፣ ጠንካራ ጥርስና በቀላሉ መፈታት የሚሉት ሦስት ነገሮች የዛሬውንም የኤሌክትሪክ መፍጫ ለመመርመር የሚያገለግሉ ሚዛኖች ናቸው።

ሁለቱ የመፍጫ ዓይነቶች

በገበያ የሚገኙት የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫዎች በጠቅላላው በሁለት ይከፈላሉ፤ ባለምላጭና ባለጥርስ ይባላሉ።

ባለምላጩ በትንሽ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ እጅግ በፍጥነት የሚሽከረከር አንድ ምላጭ አለው። ይህም ምላጭ በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ እየዞረ ቡናውን ይቆራርጠዋል እንጂ በእርግጥ አይፈጨውም። ስለዚህ ከአንዱ ፍሬ ዱቄት ሲወጣ ከሌላው ስባሪ ይቀራል፤ ዱቄቱ እንዲልም ደጋግሞ ማስነሣት ያስፈልጋል። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። በገበያ ርካሽ ሆነው ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መፍጫዎች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ባለጥርሱ ግን እንደ ወፍጮ ሁለት ጥርሶች አሉት፤ አንደኛው ቋሚ ሲሆን ሁለተኛው ይዞራል። ቡናው በሁለቱ መካከል አልፎ የሚወጣው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ልክ ደቅቆ ነው። ክፍተቱን በማጥበብና በማስፋት ለጀበና የሚሆን ልም ዱቄት ወይም በወረቀት ለሚጣራ ቡና የሚሆን ሻካራ ዱቄት ማውጣት ይቻላል። የዚህ ዓይነቱ መፍጫ ጥርሶቹ በትክክል ተለክተው መሠራት ስላለባቸውና ፍጥነቱን የሚቀንስ ማርሽ ስለሚያስፈልገው ዋጋው ከባለምላጩ በብዙ እጥፍ ከፍ ይላል። ባለጥርሱ በእጅ የሚዞር ዓይነትም አለው፤ ይህኛው ሞተር ስለሌለው መብራት ቢጠፋም ሥራውን አያቋርጥም።

ርካሹ መፍጫ የሚረክስበት ምክንያት

ርካሽ ዋጋ ያለ ምክንያት አይገኝም። ፋብሪካው ዋጋውን ዝቅ ያደረገው ከአንድ ቦታ ቀንሶ ነውና፣ አስተዋይ ነጋዴ የተቀነሰው ነገር ከየት ላይ እንደ ሆነ መመርመር ይገባዋል።

አስቀድሞ የሚቀነሰው ከሞተሩ ነው። በርካሹ መፍጫ ውስጥ ያለው ትንሽ ሞተር ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ ሆኖ አልተዘጋጀም። ብዙዎቹ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ መፍጫው ከ30 ሴኮንድ ወይም ከ1 ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ እንዳይሠራ፣ ከዚያም እስኪበርድ እንዲያርፍ ያዛሉ። ለአሥር እንግዳ የሚበቃ ቡና በአንድ ጊዜ ለመፍጨት የሚጣደፍ ሰው ግን ይህን ማሳሰቢያ ሳያነብ ማብሪያውን ተጭኖ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሞተሩ ሽቦ ይግላል፤ የሽቦው ሽፋን እየተቃጠለ ይሄድና ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተሩ ይሞታል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው በመፍጫም ይደርሳል።

ቀጥሎ የሚቀነሰው ከኩሽኔታው ነው። በፍጥነት የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ ከመናኛ ብረት የተሠራ ወይም ዘይቱ ቶሎ የሚደርቅ ሲሆን ዘንጉ መወዛወዝ ይጀምራል። ድምፁ ከቀድሞው የተለየ መፍጫ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ከዚህ ነው።

ሦስተኛው ቅነሳ በጥርሱና በማርሹ ላይ ይደረጋል። መልካም ጥርስ በእሳት ከጠነከረ ብረት ወይም ከሴራሚክ ይሠራል። ሴራሚክ አይዝግም፤ ስለቱም ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን ድንጋይ ቢገባበት ሊሰነጠቅ ይችላል። የጠነከረ ብረት ደግሞ እየቆየ ቢደነዝዝም ምትን የመቻል ኃይሉ የበለጠ ነው። ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ ገበያ ከፍ ያለ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ከገበያ የሚገዛው በፀሓይ የደረቀ ቡና ካልተለቀመ ጠጠር አይጠፋበትም። አንዲት ትንሽ ጠጠር በጥርሱ መካከል ገብታ ከቆመች፣ ሞተሩ በኃይል ሲገፋ ደካማው ክፍል ይሰበራል። አንዳንድ አስተዋይ አምራቾች ይህን አስቀድመው በማሰብ፣ ሞተሩና ማርሹ እንዳይጎዱ አንዲት ርካሽ ፕላስቲክ ሆን ተብላ እንድትሰበር አድርገው ይሠራሉ፤ ፕላስቲኳንም ለብቻዋ ይሸጣሉ። በመናኛው መፍጫ ግን የሚሰበረው ማርሹ ራሱ ነው፤ ምትክም የለውም።

የመጨረሻው ቅነሳ ለዓይን አይታይም፤ እርሱም አካሉ በብሎን ከመታሰር ይልቅ በሙጫ መጣበቁ ነው። በሙጫ የተጣበቀ መፍጫ ሳይሰበር አይከፈትም። የማይከፈት ዕቃም አይጠገንም፤ የሁለት ብር ሽቦ ቢበጠስበት እንኳ ዕጣው መጣል ነው።

በቁጥር ሲሰላ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ስለ ሆኑ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል።

በቀን አንድ ጊዜ 60 ግራም ቡና የሚፈጭ ቤት በዓመት ወደ 22 ኪሎ፣ በስድስት ዓመት ደግሞ ከ130 ኪሎ በላይ ይፈጫል። ርካሹ መፍጫ 2,500 ብር ቢሸጥና አንድ ዓመት ቢያገለግል፣ ቤቱ በስድስት ዓመት ውስጥ ስድስት መፍጫ ገዝቶ 15,000 ብር ያወጣል። ጠንካራው መፍጫ 8,000 ብር ቢሸጥና በስድስት ዓመት ውስጥ 1,500 ብር የሚያስወጣ አንድ ጥገና ቢያስፈልገው ጠቅላላው ወጪ 9,500 ብር ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን 5,500 ብር ያተረፈ የመሰለው ገዢ፣ በመጨረሻው ሒሳብ 5,500 ብር ከስሮ ይገኛል።

ሆኖም ይህ ስሌት በሌላም በኩል መታየት አለበት። ርካሹ መፍጫ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ቢሆን በስድስት ዓመት የሚያስፈልገው ሦስት ብቻ ነው፤ ወጪውም 7,500 ብር ስለሚሆን ርካሹ ያዋጣል። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ የሚተካከሉት ርካሹ ወደ 19 ወር ሲቆይ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ውድ ዕቃ ሁልጊዜ ይሻላል የሚል ሳይሆን፣ የዕቃው ዋጋ ከዕድሜው ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም የሚል ነው። የዕቃውን ዕድሜ ሳያውቅ ረክሷል ወይም ተወድዷል የሚል ነጋዴ ግማሹን ሒሳብ ብቻ የሠራ ነው።

በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪው ነገር ይጨመራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ 57 ብር ያህል ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቀን አስቀድሞ ጠንካራ መፍጫ የገዛ ቤት ለውጡ በዚህ ዕቃ በኩል አልነካውም። መፍጫው በየዓመቱ የሚሞትበት ቤት ግን ምትኩን የገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው። ዕድሜው አጭር የሆነ ዕቃ ገዢውን በየጊዜው ለሚለዋወጠው ምንዛሪ ያጋልጠዋል፤ አገሪቱንም ለአንድ ሥራ ደጋግማ የውጭ ገንዘብ እንድትከፍል ያደርጋታል።

ርካሹ የሚበቃበት ጊዜ

ባለምላጩን ሁሉ መናኛ ነው ብሎ መናቅ ትክክል አይደለም። ቡና በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያፈላ ቤት፣ ብቻውን የሚኖር ሠራተኛ ወይም ተማሪ በጥንቃቄ ከተጠቀመበት ርካሹ መፍጫ ለብዙ ጊዜ ሊያገለግለው ይችላል። ከዚህም በቀር በጀበና የሚፈላ ቡና ዱቄቱ በሚገባ ከፈላ በኋላ አተላው ወደ ታች ስለሚዘቅጥ፣ የዱቄቱ አለመተካከል በወረቀት በሚጣራው ወይም በማሽን በሚወጣው ቡና ላይ የሚያደርሰውን ያህል ጉዳት አያደርስበትም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የሚታሰብበት ነገር የመፍጫው ዓይነት ሳይሆን የሥራው ብዛት ነው።

በተቃራኒው ለቤት ተብሎ የተሠራ መፍጫ ለንግድ ሲውል ጠንካራው እንኳ አይችልም። በመንገድ ዳር የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት በቀን አሥር ጊዜ የምትፈጭ ብትሆን፣ የቤት መፍጫ በአሥር ወር የሚሠራውን ሥራ በአንድ ወር ታሠራዋለች። እንዲህ ላለችው ደንበኛ ከርካሹ የኤሌክትሪክ መፍጫ ይልቅ ለንግድ የተሠራውን ማሽን ወይም ሙቀጫውን መምከር ይሻላል።

በብዙ ቤት መፍጫው ለቡና ብቻ የሚያገለግል አለመሆኑም መታሰብ አለበት። ኮረሪማና ቅርንፉድ ቢፈጭበት ሽታው ከመቅረቱ በቀር ብዙ አይጎዳም፤ ያልተፈረከሰ የእርድ ሥር ወይም እንደ አብሽ ያለ ጠንካራ ፍሬ ሲገባበት ግን ምላጩም ሞተሩም ይጎዳሉ። ባለጥርሱ ደግሞ ለቡና ብቻ መዋል አለበት።

አስመጪው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው

ትእዛዝ ከመላኩ በፊት አስመጪው በናሙና መፈተን አለበት። ከሁሉ የሚቀልለው ፈተና ሁለት ወይም ሦስት ናሙና አስመጥቶ ቀኑን ሙሉ ቡና ለምታፈላ ሴት ለአንድ ወር መስጠት ነው። በቀን አሥር ጊዜ፣ በየመካከሉ እንዲበርድ እየተደረገ፣ አንድ ወር የሠራ መፍጫ 300 ጊዜ ፈጭቶአል ማለት ነው። ይህን ፈተና ያለፈ መፍጫ ለዓመት ያህል ዋስትና ቢሰጥበት አያሳፍርም። ያላለፈው ደግሞ በሦስት ናሙና ኪሳራ ታወቀ እንጂ በሦስት ሺህ ዕቃ ኪሳራ አልታወቀም።

ቀጥሎ ናሙናውን በባለሞያ ማስከፈት ያስፈልጋል። አካሉ በብሎን የታሰረ መሆኑን፣ ማርሹ ከምን እንደ ተሠራ፣ የሞተሩ ካርቦን ሲያልቅ ሊለወጥ የሚችል መሆኑን ባለሞያው በጥቂት ደቂቃ ሊናገር ይችላል። በመፍጫው ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ያለማቋረጥ ሊሠራ የሚችልበት ጊዜ ስንት እንደ ሆነ ማንበብም ይገባል።

የኤሌክትሪኩ ልክም ሊዘነጋ አይገባውም። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ለዘመድ በስጦታ የሚልኩት መፍጫ፣ ምንም ጠንካራና ውድ ቢሆን፣ ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይኖር በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚመጣው በቮልቱ የሚስማማ ቢሆንም፣ ስፒናው በእንግሊዝ ዓይነት ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስለ ሆነ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ከአውሮፓ የሚመጣው በቮልቱም በስፒናውም ብዙውን ጊዜ ይስማማል።

ከሁሉ በላይ አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ መለዋወጫውን አብሮ ማዘዝ አለበት። ለመቶ መፍጫ ጥቂት ጥርስ፣ ጥቂት ማርሽ፣ ጥቂት ካርቦንና ማብሪያ ማዘዝ በፋክቱሩ ላይ የሚጨምረው ገንዘብ አነስተኛ ነው። ፋብሪካው መለዋወጫ አልሸጥም ብሎ ቢመልስ፣ መልሱ ራሱ ስለ ዕቃው ዕድሜ ፋብሪካው የሚያስበውን ይገልጻል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጩ ለአዲስ ዕቃ ጉድለት ቢያንስ ለሁለት ዓመት ኀላፊ እንዲሆን ሕግ ያስገድዳል። በዚያ ገበያ ዕቃውን የሚሸጥ ፋብሪካ ለኢትዮጵያውም አስመጪ ተመሳሳይ ዋስትና እንዲሰጥ መጠየቅ ከልክ ያለፈ ጥያቄ አይሆንም።

የባለሱቁ ድርሻ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። ከሕጉም በላይ ግን ባለሱቁን የሚጠብቀው ራሱ ከደንበኛው ጋር የሚያደርገው ንግግር ነው። ደንበኛው ዋጋ ሲጠይቅ ባለሱቁ በቀን ስንት ጊዜ ቡና እንደሚፈላ፣ ለቤት ወይም ለንግድ እንደ ሆነ፣ ቡናው በጀበና ወይም በሌላ ዕቃ እንደሚዘጋጅ ቢጠይቅ፣ የሚስማማውን መፍጫ ለመምረጥ አይቸግረውም። ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን አስቀምጦ የያንዳንዱን ዕድሜና የጥገና ሁኔታ ሳይደብቅ ቢነግረው፣ ርካሹን የመረጠ ደንበኛ እንኳ በኋላ ተታለልሁ አይልም።

ዕቃውን ሲያስረክብም አራት ነገር ቢነግረው ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል። ይኸውም ቡናው ከመፈጨቱ በፊት ጠጠሩ እንዲለቀም፣ ከምጣድ የወረደው ቡና ሳይበርድ እንዳይፈጭ፣ መፍጫው በየመካከሉ እንዲያርፍ፣ ሲጸዳም ከሶኬት ተነቅሎ በደረቅ ብሩሽ እንዲጠረግ እንጂ ውኃ ውስጥ እንዳይነከር ነው። ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ቅባቱ በጥርሱ ላይ እየተጋገረ መፍጫውን ስለሚያከብደው፣ መጥረጉ ለንጽሕና ብቻ ሳይሆን ለሞተሩም ዕረፍት ነው።

ላኪዎችን የሚመለከተው

የተቆላ ቡና አሽገው ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ዓረብ አገሮች የሚልኩ ነጋዴዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። የይርጋ ጨፌ ወይም የሐረር ቡና የገዛ ሰው በመናኛ መፍጫ ቢቆራርጠውና በወረቀት ቢያጣራው፣ ደቃቁ ዱቄት ቶሎ መራራነቱን ሲሰጥ ስባሪው ጣዕሙን ሳይሰጥ ይቀራል። ጠጪው ግን መፍጫውን ሳይሆን ቡናውን ይወቅሳል። ላኪው በማሸጊያው ላይ ለጀበና፣ ለወረቀት ማጣሪያና ለኤስፕሬሶ የሚስማማውን የአፈጫጨት ልክ በአጭሩ ቢያትም፣ በገዢው ቤት ያለው መፍጫ የቡናውን ስም እንዳያበላሽ ይረዳል።

በጠቅላላው ሲታይ ርካሽ ዋጋ ነውር አይደለም፤ ዘላቂነትም የሀብታም ብቻ ድርሻ አይደለም። ነውሩ አጭር ዕድሜ ያለውን ዕቃ ረጅም ዕድሜ እንዳለው አድርጎ መሸጥ ነው። ዋጋውን ከዕድሜው፣ ዕድሜውንም ከመለዋወጫው ጋር አያይዞ የሚያስመጣና የሚሸጥ ነጋዴ በአንድ መፍጫ ላይ የሚያገኘው ትርፍ ብዙ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን መፍጫው ከዓመታት በኋላ ቡና እየፈጨ በተሰማ ቁጥር፣ እመቤቲቱ ለጎረቤቷ የምትነግረው የዚያን ሱቅ ስም ነው።